መገጭ ዳር ያለው ቤታችን

አዘዞ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐብተ ማርያም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔን ብትለኝ፣ ካንተ በስተቀር የጎደለብኝ የለም። አባቴ «ባልሽን አንቱ በዪ፣ የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም ወይ?» እያሉ ሲገሥጹኝ ኖረዋል። ደብዳቤ ላይ ግን ማን ይሰማኛል? አንተ እልሃለሁ። አንተ ስልህ ከማዶ ብጠራህ የምትሰማ ይመስለኛል።

«ወንዙ ከቤቱ ምን ያህል ቀረው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ስትሄድ ከደጃችን ወዲያ ጌሾው ነበር፣ ከጌሾው ወዲያ ደግሞ ከብት የሚያርፍበት ሜዳ። ሜዳውን እርሳው። ጌሾውም ግማሹ ሄዷል፤ የቀረው ሥሩ ከአፋፉ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። መገጭ በክረምት አይጮህም መሰለህ? ይጮኻል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጩኸቱ ሳይሆን ዝም ብሎ ቆይቶ አፈሩ ዱብ ሲል ነው።

እታለም ባንቺአየሁን ታውቃታለህ፣ ጎረቤት ሆና አፏ ከአጥሩ ቀድሞ የሚሻገር። መጥታ አፋፉን አየችና «እቴ፣ መገጭም እንደ ባልሽ ነው፤ ይዞ ይሄዳል እንጂ አይመለስ» አለችኝ። እኔም «ያንቺስ ሄዶ ቢሆን ሰፈሩ ባረፈ» አልኳት። ሳቀች። ሳቅን። ከዚያ ዘወር ብዬ አለቀስኩ፣ ግን እሷ አላየችኝም።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ወሬ ልንገርህ። አባቴ «ባል የሌለበት ቤት ይሁን ግድ የለም፤ ቤት የሌለው ባል ግን ምን ሊባል ነው? ጋብቻችሁ የሰማንያ እንጂ የቁርባን አይደለም» ይላሉ። ስትመለስ እንቆርባለን ብለን ማቆየታችንን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። የአይከል ከተማው ነጋዴ አቶ አድማሴ ሁለት ጊዜ ማር አምጥቶላቸዋል። የወርቅ ጥርስ አስገብቷል። ጥርሱ እንዲታይለት ሳቁ ከቀልዱ ቀድሞ ይመጣል። ቤታችን ወንዝ ከገባ አባቴ ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው ገምተው።

እናንተ እዚያ ከወንዝ ጋር ስትታገሉ ነው የምትውሉ። ድልድይ የሚያቆም ሰው አንድ አፋፍ ማቆም እንዴት ያቅተዋል? ምን ላድርግ? ጻፍልኝ። ፋሲካን እዚህ ትውላለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ እሷን ጠይቄህ መልሰህልኝ አታውቅም።

ወለተሩፋኤል


ዴዴሳ፣ የድልድይ ሥራ ካምፕ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለተሩፋኤል፣

ሰላምታዬ ከዚህ በረሃ እስከ ደጃችን ድረስ ይዘርጋ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ በአሥመራ ዞሮ አዲስ አበባ ገብቶ ነው እዚህ የደረሰኝ፤ ከደረሰኝም በኋላ ብዕር ይዤ ስቀመጥ ቀለሙ ሳያልቅ ቃሉ እያለቀብኝ ነው የተነሣሁት።

የኔታ አባትሽ ተቆጥተዋል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ጉባኤያቸውን ትቼ ድጓውን በመዶሻ ከለወጥኩበት ቀን ጀምሮ እንደተቆጡ ናቸው። አይፈረድባቸውም።

ስለ አፋፉ ኢንጂነሩን አማከርኩት። እዚህ እኛ ወንዝ የምንይዘው በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ እየሞላን ነው። ሽቦ የለንም ስለው ሳቀና እርሳሱን አውጥቶ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሣለልኝ። ልብ ብለሽ አንብቢ። ወንዝ አፋፍን የሚበላው ከላይ አይደለም፣ ከእግሩ ነው፤ ሥሩን ይቦረቡርና ላዩ ራሱ ይወድቅለታል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመውን አፈር በዶማ ቁረጡት፣ እንደ ኮርቻ ጎን ተዳፍቶ ይተኛ። ከሥሩ የምትችሉትን ያህል ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ። ከዚያ ወደ ታች ሸምበቆው ጋ ያለውን አኻያ ቁረጡ። ውሃ የሚወደውን እንጨት ታውቂዋለሽ፣ ልብስ የምታሰጪበትን። ክንድ የሚወፍረውን በውሃው ዳር ሁለት ረድፍ ትከሉት፤ ቀጫጭኑን በመካከሉ እንደ ጎተራ ጥለፉት፤ ከጀርባው ጭራሮና ድንጋይ ሙሉበት። ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያጉረመርም ይሁን። ከብት አታስጠጉበት። ሥራው ብር አይጠይቅም፣ ሰው ነው የሚጠይቅ።

ስለ ፋሲካ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልመለስኩም። ይህን ጽፌ ወጥቼ ከወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። እዚህ ወፉ ብዙ ነው፤ ከሁሉም ያንቺን ድምፅ የሚመስል የለም።

የሰውየውን ማር አትቅመሺው።

ሐብተ ማርያም


አዘዞ፣ ሰኔ 10 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐብተ ማርያም፣

ማሩን ቀምሼዋለሁ። ደብዳቤህ ሳይደርስ ስለሆነ አይቆጠርም። ሸጋ ማር ነው፤ ሰውየው ባያመጣው ይበልጥ ሸጋ በሆነ።

ደስታዬን ልንገርህ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። አጥራችን ቆመ! ደቦ ጠራሁ፣ ጠላ ጠመቅሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶማና ፋስ ይዞ ወጣ። አፋፉን እንዳልከው አስተኛነው። ድንጋዩን ሴቶቹ ተሸከሙ፣ ወንዶቹ ተከሉ፣ እታለም ባንቺአየሁ ሥራ ሳትነካ ሁሉንም አዘዘች። አያ ማሩ ብቻ ከማዶ፣ ከራሱ እርሻ ዳር ቆሞ ሲያየን ዋለ። «ወደኔ እንዳትገፉት! አንድ ቀንድ ውሃ ወደኔ ቢዞር ዳኛ ፊት ነው የምንገናኝ!» እያለ ጮኸ። እኛ ደግሞ «አያ፣ ውሃ ቀንድ አለው እንዴ?» እያልን ሳቅንበት።

ሥራውን ብታየው! እኛ አገር ምሰሶና አጥር የማያውቅ እንደሌለ ታውቃለህ። «ከነልጡ እንጨት ተከሉ ተብሎ አይወራብንም፣ ነቀዝ ይግባበት እንዴ?» አሉና እያንዳንዷን አኻያ ልጧን ልጠው፣ በፀሐይ አድርቀው ነው የተከሏት። ነጭ ሆና ተሰልፋ ስትታይ አዲስ የደብር አጥር ትመስላለች። ልጡንም አልጣልነው፣ ለገመድ ሆነ።

አባቴ መጥተው አዩና ጠላ አስቀድተው ጠጡ። እሳቸው ሳይገሥጹ ሲጠጡ ምስጋና ነው።

ማታ ማታ ወንዙ ዳር ቁጭ እላለሁ። አባቴን «ዴዴሳ ወዴት ይፈሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ «ዓባይ ይገባል» አሉኝ። «መገጭስ?» ብላቸው «ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ደግሞ ዓባይ ነው» አሉ። እንግዲህ ውሃው እንኳ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል ማለት ነው። እኛ ምነው?

ወለተሩፋኤል


አዘዞ፣ መስከረም 22 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐብተ ማርያም፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰህ። የሐምሌ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ስከፍተው የመጀመሪያው ቃልህ «ልጡን ላጣችሁት ወይ?» የሚል ነው። አዎ፣ ላጥነው። «የተላጠና የደረቀ አኻያ ምሰሶ ነው እንጂ ተክል አይደለም፤ ሥር አይሰድም፤ ፈጥናችሁ እርጥቡን ከነልጡ በመሃል በመሃሉ ትከሉ» ብለሃል። ፈጥነን ቢሆን ኖሮ። ጎርፉ ደብዳቤህን ቀደመው።

ነጩ አጥራችን እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቆመ። ከዚያ ውሃው መጣና እንደ ጥርስ አንድ በአንድ ነቀለው። መያዣ ሥር የለውማ። ጌሾው በሙሉ ሄደ። ማድቤቱም... ማድቤቱ አሮጌ ነበር፣ አንተም ስትመጣ እናፈርሰዋለን ስትል ነበር። ዋናው ቤት አለ። ሰውም ከብትም አልተነካም። አትጨነቅ።

ሰዉ በሙሉ አፈረ። የላጡት ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ ወደ መሬት እያዩ ነው። ምን ብዬ ልቆጣቸው? ቤት የሚሠራ ሰው እንጨትን የሚያውቀው ሲሞት ነው።

አባቴ በቅሎ ጭነው መጡ። «ተነሺ» አሉኝ። «አንድ ክረምት ይስጡኝ» አልኳቸው። «ለምን?» «ቤቱ እስከ መጪው መስቀል ከቆመ ዳግመኛ የአይከልን ሰው ስም አያንሡብኝ። ከወደቀ ግን እግርዎ ሥር ነኝ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አልኳቸው። የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። «ቃልሽን በማን ትምያለሽ?» ሲሉኝ «በሩፋኤል» አልኩ። በቅሎዋን ባዶዋን መልሰው ነዱ። እንግዲህ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሳላማክርህ ስለሰጠሁ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምነው ጽሕፈትህ ተዘናነፈ? ወረቀቱስ የመድኃኒት ሽታ የሸተተኝ ለምንድን ነው?

ወለተሩፋኤል


ዴዴሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለተሩፋኤል፣

ጤናዬ ደኅና ነው። ጽሕፈቴ የተዘናነፈው ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው፤ ካምፑ ወንበር ይጎድለዋል። ሽታውም የወባ መድኃኒት ይሆናል፣ እዚህ ሁሉም ነገር እሱን እሱን ይሸታል።

ማድቤቱ አሮጌ ነበር ብለሽ ልታጽናኚኝ ሞከርሽ። የእጣኑን ጥግ፣ በሰርጋችን ማግሥት ሆን ብለሽ የደበቅሽብኝን ጫማዬን ያገኘሁበትን ጥግ ረሳሽው? እኔ አልረሳሁትም። ይሁን፣ ውሃ ይውሰደው።

አሁን ስሚኝ፤ ሳልረሳ ሁሉንም ልንገርሽ። አኻያው በተቆረጠበት ዕለት ይተከል፣ ፀሐይ አይየው። ልጡን ማንም እንዳይነካው። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ይግባ። በተዳፋቱ ላይ ሰርዶና ሸምበቆ ትከሉ። ደግሞም አያ ማሩ እውነቱን ነው። ውሃን ከአንድ ዳር ከገፉት ወደ ሌላው ይሄዳል። ሂጂና አናግሪው፤ ሁለቱንም ዳር በአንድ ቀን ትከሉ።

የኔታ የሰጡሽ ቀጠሮ ፍርድ አይጓደልበትም። የማሉለት ቃል መጠበቅ አለበት፣ በሁለቱም በኩል።

ከምሽቱ በፊት ያለውን ሰዓት አልወደውም። ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሰዓት ነው። እኔ የምሄድበት የለኝምና በሐሳቤ አዘዞ እገባለሁ፤ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ጌሾውን አልፋለሁ። አሁን ጌሾው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ መንገዱ ይጠፋብኛል።

ሐብተ ማርያም


አዘዞ፣ ሰኔ 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ሐብተ ማርያም፣

እንደምን ሰነበቱ? በአንቱታ የምጽፍልዎ አባቴ ስላዘዙኝ አይደለም፣ ስለተቆጣሁ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ብዕር ያልያዝኩትም ለዚሁ ነው።

ሾፌሩ ባዬ ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ መጥቶ ነበር። ሲሚንቶ ጭኖ እናንተ ካምፕ ይመላለሳል አሉ። እኔ ሞኟ «ሐብተ ማርያምን አየኸው ወይ?» አልኩት። «በርትቷል፣ በርትቷል! በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል!» አለኝ፣ የምሥራች የነገረኝ መስሎት። እታለም ባንቺአየሁ አጠገቤ ነበረች። ፊቴን ሳልለውጥ «አዎ፣ ጽፎልኛል» አልኩ። ጽፈውልኛል እንዴ? ስለ እንጨት ልጥ ገጽ ሙሉ ሲጽፉልኝ ለራስዎ እግር አንድ መስመር ጠፋ? ወንበር ይጎድላል አሉኝ። እኔም አምኜ ስለ ወንበሩ አዝኜልዎ ነበር!

እታለም ባንቺአየሁ ግን ዕድሜዋ ይርዘም፣ ነገሩ ገብቷት ለማንም አልተነፈሰችም። እሷ ወሬ ስትደብቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ታመመች መሰለኝ።

ሥራውን ልንገርዎ። አያ ማሩ ዘንድ ተሻግሬ «አያ፣ ና ሁለቱንም ዳር አንድ ላይ እንትከል» አልኩት።

«ማን? እኔ?» አለ። «አምና የጠላሽን ሽታ እንኳ ያላሻገርሽልኝን?»

ለካ ሰውየው ዓመት ሙሉ ያኮረፈው ለውሃው አልነበረም! ደቦው ላይ ስላልጠራሁት ነው! «ዘንድሮ ጋኑን ካንተ ዳር አኖረዋለሁ» ስለው ልጆቹን፣ በሬዎቹን፣ የሚስቱን ወንድሞች ሳይቀር ይዞ ወጣ። ድንጋዩን በሬ ጎተተው። አኻያው ከነልጡ፣ በተቆረጠበት ዕለት ተተከለ። እታለም ባንቺአየሁ ማጭድ ይዛ ተቀምጣ «ልጥ የሚልጥ የራሱን ቆዳ እልጥለታለሁ!» እያለች ስትጠብቅ ዋለች። አንዱ ረስቶ ቢላዋ ቢያወጣ ሰዉ ሁሉ ጮኸበት።

ትናንት ወርጄ አየሁት። አቆጥቁጧል። ከእያንዳንዱ እንጨት ጎን የሩዝ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ወጥታለች። ጣቴን አስጠግቼ መንካት ፈራሁና መለስኩት፤ አንተ ብትሆን ነክተህ ታያት ነበር።

አየህ፣ አንቱታውን እስከዚህ ድረስ ነው የቻልኩት።

የትኛው እግርህ ነው? እስከ የት? ያምሃል? እውነቱን ጻፍልኝ። እኔ ማድቤቱ ሲሄድ አልደበቅኩህም።

ወለተሩፋኤል


ዴዴሳ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለተሩፋኤል፣

ግራው ነው። ከጉልበቴ በታች የለም።

አምና ሐምሌ ነው። ዝናብ ነበር፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ እኔ ከሥሩ ነበርኩ። የማንም ጥፋት አይደለም። ስለ ነጩ አጥር የጻፍሽው ሐኪም ቤት ተኝቼ ደረሰኝ፤ ማንበብ እንደቻልኩ አነበብኩት፣ መጻፍ እንደቻልኩ መለስኩልሽ። ቢሆንም ዘገየ።

አሁን የመጋዘን ጠባቂ አድርገውኛል። ክፍልም ሰጥተውኛል፣ መስኮቷ ወደ ወንዙ ናት። ሲሚንቶ ሲገባ እቆጥራለሁ፣ ሲወጣ እቆጥራለሁ። ግንበኛ የነበረ ሰው ሌሎች ሲገነቡ ቁጭ ብሎ ያያል። ሰው ይለምደዋል ይላሉ።

ወለተሩፋኤል፣ እዚህ ስትደርሺ አትቁሚ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ቤቱ ቆመም ወደቀም የኔታን እሺ በያቸው። ሰማንያ በሽማግሌ ይፈርሳል። አለመቁረባችንን እግዚአብሔር ለዚህ አስቦት ይሆን እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። የአይከሉ ሰው ሁለት እግር አለው፣ ቤቱ ከወንዝ የራቀ ነው። እኔ በምርኩዝ አዘዞ ገብቼ፣ በአባትሽ በመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ደጅ ቆሜ «መጣሁ» ማለት አልችልም። ድጓውን ትቼ ሄጄ እግሬንም ጥዬ ተመለስኩ ልበላቸው?

እንድትጠብቂኝ አልጠይቅሽም። እንድትረሽኝም አልጠይቅሽም፣ ያንን ያህል ደግ አይደለሁም።

ዝናቡ እዚህ ከብዷል። ደመናው ከሰሜን በኩል ሲመጣ ባየሁ ቁጥር እናንተ ጋ ጥሎ ነው የመጣ እያልኩ ነው።

ሐብተ ማርያም


አዘዞ፣ መስከረም 24 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐብተ ማርያም፣

ደብዳቤህ በጳጉሜን ደረሰኝ። እስከ መስቀል መልስ ያልጻፍኩት ማልቀስ ስለበዛብኝ አይደለም፤ በሩፋኤል የማልኩት ቃል እስኪፈጸም ስጠብቅ ነው። ልቤ ያወቀውን አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረም።

ነሐሴ ላይ መገጭ መጣ። አምና ከመጣው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሰዉ በሁለቱም ዳር ወጥቶ ቆመ። ውሃው አኻያውን አስተኛው፤ ሙሉ ለሙሉ ሰጠመ፣ አንድ ቅጠል አይታይም። አያ ማሩ ከማዶ ሆኖ «አለቀልን!» ሲል ይሰማኛል። እኔ ቤቱን ሳይሆን ያችን ቅጠል ስፈልግ ዋልኩ። በማግሥቱ ውሃው ሲጎድል አኻያው ጭቃውን እያራገፈ ቀና ቀና አለ። አፈር አልሄደም ብቻ አልልህም፤ ጎርፉ ከላይ ያመጣውን ደለል እዚያው ይዞ አስቀርቶልናል። በእኛም በኩል፣ በአያ ማሩም በኩል።

በመስቀል ማግሥት አባቴ በበቅሎ መጡ። አፋፉን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት፣ አንዱን እንጨት ያዙና ነቅነቅ አደረጉት። አልተነቃነቀም። «የአይከሉ ሰው ማሩን ለሌላ ይውሰድ» አሉ። ያን ጊዜ ደብዳቤህን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ይቅር በለኝ፣ ግራ ቢገባኝ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አነበቡት፣ ገለበጡት፣ ደግመው አነበቡት።

«በምርኩዝ ደጄ መቆም አፈረ?» አሉ።

«አዎን።»

«ይህ ልጅ ስድስት ዓመት እኔ ጋ ምን ተማረ? እኛስ ዕድሜ ልካችንን የቆምነው በምንድን ነው? በመቋሚያ አይደለም ወይ?»

ከዚያ ሄደው የበቅሎዋን ኮርቻ አጠበቁ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ነፋሱ ነው አሉ። በነጋታው የራሳቸውን መቋሚያ፣ ያን ከአባታቸው የወረሱትን ላኩልኝ። «ቁመቱን አስተካክሎ ይቁረጠው በዪው» ብለዋል። አደራ፣ እንዳትቆርጠው። አንተ ረጅም ነህ።

አሁን የኔን ስማ። አትጠብቂኝ አላልክም፣ እርሺኝም አላልክም፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ እንዳልተጻፈ ቆጥሬዋለሁ። አንተ እዚህ መምጣት ከበደህ። እኔ ደግሞ ሁለት ክረምት ከዚህ ደጅ ንቅንቅ ያላልኩት ዞር ስል ወንዙ ቤታችንን እንዳይወስደው ብዬ ነበር። አሁን ያለ እኔ ይቆማል። ቁልፉን ለእታለም ባንቺአየሁ ሰጥቻታለሁ። አያ ማሩ ከብት እንዳይገባበት ከሁለቱም ዳር እጠብቃለሁ ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል።

ሰኞ ከባዬ ጋር በማኪና እነሣለሁ። በአሥመራ ዞረን አዲስ አበባ፣ ከዚያ እናንተ ጋ ይለኛል፤ መንገዱ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ። በበቅሎ እንኳ ከጎንደር ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ግን ባዬ እንዳያውቅብኝ።

መልስ አትጻፍልኝ። መልስህና እኔ መንገድ ላይ ነው የምንተላለፍ።

ወለተሩፋኤል